የላፕቶፑ ዕቁብ ምን ይግዛ?

በማደሪያችን የላፕቶፕ ዕቁብ መቋቋሙን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አባላቱ አሥራ ሁለት ነን፤ ሁላችንም እጩ መምህራን ነን። በየወሩ እናዋጣለን፣ ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣ የደረሰው ላፕቶፕ ይገዛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ከጀማሪዎቹም አንዱ እኔ ነኝ። የምቃወመው ባለፈው እሑድ በስብሰባችን የተወሰነውን ነው። ይኸውም አሥራ ሁለታችንም ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት፣ አዲስ፣ ቀጭን፣ ብርማ ቀለም ያለው ላፕቶፕ እንድንገዛና ሱቁም በበኩሉ ለያንዳንዳችን ቦርሳና ማውዝ በነጻ እንዲመርቅልን ነው። አሥር እጅ ወጣ። አንዲት እህታችን ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። እኔ ብቻዬን ተቃወምኩ። ምክንያቴን ልናገር ስል የእራት ደወል ተደወለና ሁሉም ወደ ምግብ አዳራሽ ሮጠ። በራብ ጊዜ ስለ ላፕቶፕ የሚሰማ የለምና አልፈርድም። ስለሆነም አዘጋጆቹ ይህን ቦታ ስለሰጡኝ አመስግኜ ነገሬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ለመሆኑ ላፕቶፑ ምን ሊሠራልን ነው? የትምህርት ዕቅድ እንጽፍበታለን። የፕራክቲከም ሪፖርትና የተግባራዊ ምርምር ጽሑፍ እናዘጋጅበታለን። ነገ ከተመደብን በኋላ የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል ደምረን ሮስተር እንሠራበታለን። የመማሪያ መጽሐፍና የመምህሩን መምሪያ በፒዲኤፍ እናነብበታለን። አልፎ አልፎም ፊልም እናያለን፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሥራው ይኸው ነው። ከነዚህ ውስጥ ከባድ ማሽን የሚጠይቅ አንድም የለም። እንዲያውም ስልኩ ላይ ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ላፕቶፕ ባይገዛ እመክራለሁ።

«ታዲያ ሥራው ቀላል ከሆነ ርካሹ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ያ ብርማ ላፕቶፕ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እኔ ገልብጬ ይዤዋለሁ፤ ፕሮሰሰሩ ሴለሮን ኤን 4020፣ ራሙ 4 ጊጋ ባይት፣ ማከማቻው 64 ጊጋ ባይት ኢ ኤም ኤም ሲ የሚባለው ነው። እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ልግለጽ። ራም ማለት ጥቁር ሰሌዳው ነው፤ ማከማቻው ደግሞ ደብተሩ ነው። መምህሩ ሲያስተምር የሚጽፈው ሰሌዳው ላይ ነው። ሰሌዳው ጠባብ ከሆነ ገና ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ መጥረግ ግድ ይሆናል። የጠረገውን እንደገና ከደብተሩ እያየ ይጽፋል፣ ደግሞ ይጠርጋል። 4 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11ን ጭኖ የሚውለው እንዲህ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ የሰሌዳውን ትልቁን ክፍል ይዞ ለናንተ ጥግ ላይ ያለችውን ትቶላችኋል። ዎርድ ከፍታችሁ፣ አንድ ፒዲኤፍ ጨምራችሁ፣ ኢንተርኔት ደግሞ ስትጨምሩ መጥረግ ነው፣ መጻፍ ነው፣ መጥረግ ነው።

ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ይሠራበታል» ቢላችሁ አልዋሸም። የዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው መመዘኛ 4 ጊጋ ባይት ራምና 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ ነውና። ነገር ግን እኛ መምህራን ልንሆን ነው፤ ከመቶ ሃምሳ ያመጣ ተማሪ አለፈ ማለት ጎበዘ ማለት እንዳልሆነ ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

የሆነውን ልናገር። ከኛ በፊት ከተመረቁት አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ የአልጋ ጎረቤቴ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አንዲት ጊደር ሸጦ ገንዘቡን ላከለትና ልክ እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ገዛ። የመጀመሪያውን ሰሞን በጣም ደስ አለው፤ እኛም እየተዋስን ፊልም አየንበት። ወራት ሲያልፉ ዊንዶውሱ ራሱን ማደስ ፈለገ፤ ቦታ የለም አለ። ፊልሞቹን አጠፋ፣ ፎቶግራፎቹን ወደ ፍላሽ ገለበጠ፤ አሁንም ቦታ የለም። «ሃርድ ዲስኩን ቀይሩልኝ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ቢወስደው ቴክኒሻኑ ከፍቶ አሳየውና «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ከማዘር ቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ራሙም እንደዚሁ። ምኑን ልቀይርልህ?» አለው። የፕራክቲከሙን ሪፖርት በሚያስረክብበት ሳምንት ስክሪኑ ነጭ ሆኖ እየቆመ አስቸገረው። በመጨረሻ በእጁ ጻፈና በጽሕፈት ቤት በገጽ ከፍሎ አስተየበው። ጊደሯ ግን ተሽጣለች።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ እንግዛ ነው። ወዲያው ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ላስረዳ። በውጭ አገር ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሚገዙት ላፕቶፕ ለሱቅ መስኮት ተብሎ የተሠራ አይደለም። በየቀኑ እንዲሠራበት፣ እንዲከፈት፣ እንዲጠገን ተብሎ የተሠራ ነው። ጥቂት ዓመት ሠርተውበት በጅምላ ያወጡታል፤ ያ ነው ወደኛ ገበያ የሚመጣው። ስም ልጥራ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480፣ የዴል ላቲቲዩድ 7490፣ የኤች ፒ ኤሊት ቡክ 840 ጂ 5። ሦስቱም በ2018 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጡ ናቸው። ከጀርባ ያለው ብሎን ተፈትቶ ራሙ ይቀየራል፣ ማከማቻው ይቀየራል፣ ባትሪው ይቀየራል። ቲ 480ው ደግሞ ከውስጥ ካለው ባትሪ ሌላ ከውጭ የሚነቀል ሁለተኛ ባትሪ አለው። 8 ጊጋ ባይት ራምና 256 ጊጋ ባይት ኤስ ኤስ ዲ ያለው ከተገኘ ለኛ ሥራ ይበቃል፣ ይተርፋልም። አሮጌው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ያለበትን ግን በኤስ ኤስ ዲ ካልተለወጠ አትውሰዱ፤ እስኪከፈት ቡና ይፈላል።

ዋጋውን አልጽፍም። ይህ ወረቀት ከግድግዳው ሳይወርድ ዋጋው ይለወጣልና። እኔ በዞርኩባቸው ሱቆች ግን ያገለገለው ከዚያ ብርማ ላፕቶፕ ብዙም አይርቅም ነበር።

አሁን ዋናው ጉዳይ እንዴት ይመረጣል የሚለው ነው። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ቀንዱ አማረ ብሎ አይገዛም፤ ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳስሳል፣ አራምዶ ያየዋል። የላፕቶፕ ጥርሱ የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን «አይ 7 ከአይ 5 ይበልጣል» ብለን እንከራከራለን፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ዋናው ግን ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ 5-8250 ከሆነ በ8 ስለሚጀምር ስምንተኛ ትውልድ ነው። አይ 7-6600 ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው። በ10፣ በ11 ወይም በ12 ከጀመረ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው። ያ አይ 7-6600 የተባለው ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው ታናሹ አይ 5-8250 አራት አለው። ታዲያ የትኛው ነው ታላቅ?

ስምንተኛ ትውልድ ላይ የምጨክነው ለከንቱ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጠቅላላው የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የሆኑት በገበያው ላይ ረክሰው የሚታዩት አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ማሽኖቹ ሞቱ ማለት አይደለም፤ ሊኑክስ ተጭኖባቸው፣ ሊብሬ ኦፊስ በነጻ ገብቶባቸው ለጽሑፍ ሥራ ዓመታት ያገለግላሉ። ገንዘቡ ያጠረውና አዲስ ነገር መልመድ የማይፈራ ይህንንም ያስብበት። ሌላው ግን ስምንትን አይልቀቅ። በጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀትም አትመኑ፣ የሚለጥፈው ሰው ነውና፤ ላፕቶፑን አስነስታችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ማሽኑ የሚናገረውን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። ከላይ የጠራኋቸው ሞዴሎች እንኳ አንዳንዶቹ በሰባተኛ ትውልድ የተሠሩ ስላሉ ቁጥሩን ሳታዩ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ።

ቀጥሎ ማራመድ ነው። ባትሪው መቶ ሲሞላ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሃያ ደቂቃ ሥሩበት። መቶ የነበረው ሰማንያ ላይ ከደረሰ በሃያ ደቂቃ ሃያ በላ ማለት ነው፤ ጠቅላላው መቶ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ይህ ደካማ ባትሪ ነው፣ ወይ ይቀየር ወይ ዋጋው ይቀነስ። ሻጩ «ቻርጀሩን አትንቀል» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ከዚያ ባዶ ገጽ ከፍታችሁ ቁልፎቹን አንድ ባንድ ምቱ፤ አንድ የማይሠራ ፊደል ዓመቱን ሙሉ ያበሳጫል። ስክሪኑን ነጭ አድርጋችሁ ጥቁር ነጥብ ፈልጉ። ክዳኑን ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ ማጠፊያው እንዳይላላ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ስለሱ ብዙ ሰው አያውቅም። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ስለነበረ አንዳንዱ የቀድሞው ባለቤት ያስገባበት የይለፍ ቃል ከነነፍሱ አለበት። ይህ የዊንዶውሱ የይለፍ ቃል አይደለም፤ እሱስ ቀላል ነው። ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው ባዮስ የሚባለው ነው። ሲነሣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1ን፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 2ን፣ ኤች ፒ ከሆነ ኤፍ 10ን ደጋግማችሁ ምቱ። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አስቀምጣችሁ ውጡ። ደግሞም «የአማርኛ ሶፍትዌር ጭነንበታል» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢገጥማችሁ ሳቁበት። የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውሱ ውስጥ አለ፤ ያ ካልተመቸ ኪማን የሚባለው በነጻ ይገኛል።

በስብሰባው ላይ ከተነሡት አሳቦች አንዱ ሚዛን የሚደፋ ስለሆነ ልመልስበት። «አዲሱ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው፤ ያገለገለው የለውም» ተብሏል። እውነት ነው። ግን ዋስትናው ያለው ሱቁ ዘንድ ነው። እኛ ደግሞ የምንመደበው የት ነው? መኪና በሳምንት አንድ ቀን ከሚገባበት ወረዳ ተነሥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለዋስትና የሚመጣው ማን ነው? መብራት በሚጠፋበት፣ አንዳንዱም ጋ ከነጭራሹ በሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስፈልገን በቅርብ ከተማ ያለ ጥገና ቤት ፈትቶ የሚገጥመው ማሽን ነው። ባትሪው ሲሞት አዲስ ባትሪ በመልእክተኛ ተልኮ በዊንዳይቨር የሚገጠም። የተበየደውን ግን ማን ይፈታዋል?

«ያገለገለ መያዝ ያሳፍራል» ያለውን ወንድማችንን አልከራከረውም። የለበስነው ጃኬት ከየት እንደመጣ እሱም እኔም እናውቃለን።

አዲስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካለም መንገድ አለው። ኢንቴል ኤን 100 የሚባለው በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ፕሮሰሰር ካለው፣ ከ8 ጊጋ ባይት ራምና ከ256 ጊጋ ባይት ኤስ ኤስ ዲ ጋር ከሆነ፣ አዲሱንም ቢሆን አልቃወምም። ለኛ ሥራ የሚበቃ ነው። የምቃወመው 4ን እና 64ን ነው።

ስለዚህ ለዕቁቡ የማቀርበው ይህን ነው። ከሱቁ ጋር የተደረገው ስምምነት ገና ቀብድ ስላልተከፈለበት ይሰረዝ። ዕጣ የደረሰው ሰው ብቻውን ገበያ አይውጣ፤ ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ፣ አንዱ ቁጥሩን የሚያነብ፣ አንዱ ዋጋ የሚከራከር። ቁጥሩን በማንበብ እኔ እሄዳለሁ። በመከራከር ከመካከላችን ማን እንደሚሻል የማያውቅ የለም፤ ያቺው ድምፀ ተአቅቦ ያደረገችው እህታችን ነች፣ እሺ ካለች። የመጀመሪያው ዕጣ የሚወጣው በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ተቃውሞ ያለው ከዚህ ወረቀት ጎን ይለጥፍ። የቦርሳው ነገር የሚያሳስበው ካለ፣ ከግቢው በር ላይ ሸራ የሚሰፉት አባት በልክ ይሠራሉ፤ ጠይቄያቸዋለሁ።