ስታቲስቲክስ ለመመረቂያ ወይስ ለውሳኔ?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በገበያ አመራርና በቢዝነስ አስተዳደር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚቀርቡ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ርእሳቸው አንድ ነገር በደንበኞች እርካታ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ይመለከታል፤ መረጃቸው ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ፣ ናሙናቸው 384 ወይም ወደ 400 የሚጠጋ፣ ትንተናቸው በኤስፒኤስኤስ የተሠራ ሪግሬሽን ነው፤ መደምደሚያቸውም «አዎንታዊና ጉልህ ተጽዕኖ አለው» ይላል። ይህ በሥርዓቱ ከተፈጸመ ጽሑፉ ያልፋል። የተጠናው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ግን ጽሑፉን አንብቦ ሲያበቃ በማግስቱ ምን መለወጥ እንዳለበት ለማወቅ ይቸገራል። ችግሩ የተማሪው ትጋት ማነስ አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ትምህርት ሊያገለግለው ከሚገባው ውሳኔ ተነጥሎ መሰጠቱ ነው።

የናሙናው ቁጥር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 384 የሚገኘው አንድን የመቶኛ ድርሻ በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስህተት ገደብ ለመገመት ሲፈለግ፣ ድርሻውም ግማሽ እንደሆነ ሲታሰብ ነው። ቀመሩ ናሙናው በዕጣ መመረጡን ታሳቢ ያደርጋል። መጠይቁ በዕለቱ ወደ ቅርንጫፉ ለገቡና ጊዜ ለነበራቸው ደንበኞች ብቻ ሲታደል ግን ይህ መሠረት ይናዳል። በአገልግሎቱ ተማርሮ የሄደው ደንበኛ ከመጀመሪያውም በናሙናው ውስጥ አይገኝም። የመልስ ሰጪዎች ቁጥር ቢበዛም ይህ መዛነፍ አይቃናም።

«ጉልህ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። በ384 መልስ ሰጪዎች ላይ የተገኘ 0.11 የሆነ የዝምድና መለኪያ የፒ-ቫልዩው 0.03 ገደማ ስለሚሆን «ጉልህ» ተብሎ ይመዘገባል። ሆኖም ይህ ዝምድና የሚያብራራው ከጠቅላላው ልዩነት 1.2 በመቶውን ብቻ ነው። ለማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ ለመመደብ ያሰበ ድርጅት ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ሳያውቅ መወሰን የለበትም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ የንግድም ሆነ የፖሊሲ ውሳኔ ፒ-ቫልዩ ከአንድ ገደብ በማለፉ ወይም ባለማለፉ ላይ ብቻ ሊመሠረት እንደማይገባ አሳስቧል። በዚህ ላይ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ሰዓት፣ ማስታወቂያውንም የመግዛት ፍላጎቱንም ሲመዝን የዕለቱ ስሜት በሁለቱም መልሶች ውስጥ ይገባል። እንዲህ የተገኘን ዝምድና «ተጽዕኖ» ብሎ መጥራት ከመረጃው አቅም በላይ መናገር ነው።

የሚገርመው ተማሪዎች በየዕለቱ የሚጠቀሙበት የቲ-ፈተና የተወለደው ከንግድ ጭንቀት መሆኑ ነው። ዊሊያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ሥራ፣ በጥቂት ናሙና ላይ ተመሥርቶ እንዴት መደምደም ይቻላል ለሚለው የፋብሪካው ጥያቄ መልስ ይሰጥ ነበር። ለእርሱ የሚያስፈልገው የእርግጠኝነት መጠን ከውሳኔው ትርፍና ኪሳራ ጋር የሚመዘን እንጂ ለሁሉም ጉዳይ አንድ ሆኖ የተቆረጠ አልነበረም። መማሪያ ክፍሉ ቀመሩን ወርሶ ይህን ሚዛን ትቶታል።

ሚዛኑ ምን እንደሚመስል በቀላል ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንድ ዳቦ ቤት እያንዳንዱን ዳቦ በ6 ብር ጋግሮ በ10 ብር ይሸጣል እንበል፤ ያደረው ዳቦ ደግሞ ዋጋ የለውም። በየቀኑ ስንት ይጋገር? በልማድ የተያዘ ተማሪ የዕለታዊ ፍላጎቱን አማካይ አስልቶ ያቀርባል። ነገር ግን አንድ ዳቦ ቢጎድል የሚቀረው ትርፍ 4 ብር ሲሆን፣ አንድ ዳቦ ቢተርፍ የሚደርሰው ኪሳራ 6 ብር ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው መጠን ከአሥር ቀናት በአራቱ ያህል ፍላጎቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ነው። የ100 ቀን ፍላጎት ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢደረደር መልሱ 40ኛው ቁጥር አካባቢ ይገኛል። ተማሪው በዚህ መንገድ ስለ ስርጭት ይማራል፤ ዳቦው ቀድሞ ያለቀባቸው ቀናት መዝገብ ሽያጩን እንጂ እውነተኛውን ፍላጎት እንደማያሳይም ያስተውላል።

በዚህ ላይ ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው ድርጅቶች መረጃ አይሰጡም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ትልልቅ ተቋማት ይጠነቀቃሉ። ይሁንና የሰፈር ሱቅ፣ ዳቦ ቤትና ፋርማሲ የሽያጭ መዝገብ አላቸው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም የብዙ ነጋዴዎች ግብይት በስልካቸው ላይ ይመዘገባል። ስማቸው ተሰውሮ፣ ግኝቱ ቀድሞ እንዲደርሳቸው ቃል ከተገባላቸው ብዙዎቹ ሊተባበሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ አንድ ወጥ አሠራር ለፈታኞች ፍትሐዊነት ይጠቅማል የሚል ነው። ይህም ክብደት አለው፤ ሆኖም ወጥነቱ በዘዴው ሳይሆን በጥያቄው ጥራት ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ብዙ ይለወጣል። የመጀመሪያው፣ የጥናት ንድፉ ከመላምቱ በፊት ውሳኔውን፣ ወሳኙንና የስህተቱን ዋጋ በግልጽ ያስቀምጥ። ሁለተኛው፣ ውጤቱ «ጉልህ ነው» በሚል ብቻ ሳይሆን በብር፣ በደንበኛ ቁጥር ወይም በሽያጭ መጠን፣ ከነመተማመኛ ክልሉ ይቅረብ። ሦስተኛው፣ በሚቻልበት ሁሉ በመጠይቅ ፈንታ አነስተኛ ሙከራ ይሞከር፤ አዲሱ ማሸጊያ ወይም ቅናሽ በዕጣ በተመረጡ ሱቆች ብቻ ውሎ ሽያጩ ይነጻጸር።

ይህ የፈታኙንም ሥራ ይለውጣል። በመከላከያው ዕለት ከክሮንባክ አልፋ ከ0.7 መብለጥ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ «ውጤቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ድርጅቱ ምን ያደርግ ነበር?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ጥናት፣ ስሌቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለማንም ውሳኔ አልተሠራም።