የአንድ አገር ልጆች፣ ልዩ ልዩ ትምህርት፣ አንድ ፈተና

በዚህ በ2018 ዓ.ም. በመርሳ ወይም በወልድያ በ12ኛ ክፍል የተቀመጠን አንድ ተማሪ እናስብ። 6ኛ ክፍል ሳለ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ። 8ኛ ክፍል ሊጀምር ሲል አካባቢው በጦርነት ተይዞ ነበር፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ደወል አልተሰማም። 10ኛ ክፍል የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ነው። ይህ ልጅ ሁሉንም አልፎ እስከ ዛሬ ከደረሰ ዕድለኛ ነው። በዐማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ እኩዮቹ ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸውና።

ይሁን እንጂ የሚጠብቀው ፈተና በአዲስ አበባ ያለ እኩያው ከሚፈተነው ጋር አንድ ነው።

የአገራችን ትምህርት ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በክልሎች እጅ የሚመራ ሆኗል። የአንደኛ ደረጃውን መጽሐፍ የሚያዘጋጀው፣ የማስተማሪያውን ቋንቋ የሚወስነው፣ የ8ኛ ክፍልን ፈተና የሚያወጣው ክልሉ ነው። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ነበረ አሳይቷል። በኦሮሚያና በትግራይ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ነበር። በአዲስ አበባ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በደቡብ ብዙ አካባቢዎች ደግሞ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር። ጥናቱ ያገኘው ውጤት ብዙዎችን ያስገረመ ነው፤ በቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በዐማራ ክልል ውስጥ እንኳ የአዊው ልጅ በአውኚ፣ የዋግ ኽምራው በኽምጣና፣ የከሚሴው በኦሮምኛ ይጀምራል። እኛ በዚህ ልዩነት ላይ ነቀፋ የለንም። ልጅ በእናቱ ቋንቋ ፊደል መቁጠሩ መልካም ነው።

መንገዶቹ ግን 12ኛ ክፍል ላይ በአንድ በር ይገናኛሉ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ፈተናው መጥበቁን አንቃወምም፤ በተሰረቀ መልስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ለማንም አልበጀም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በሩ ለሁሉ እኩል ጠባብ ሲሆን፣ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ለአንዱ አስፋልት፣ ለሌላው ገደል የሆነ እንደ ሆነ ምን ይባላል?

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥያቄ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ታውቀዋለች። የአብነቱ ትምህርት አንድ ወጥ ሆኖ አያውቅም። የቅኔው ቤት ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ፣ በዚሁ በሰሜን ወሎም ዋድላ አለ። የአገባቡ አካሄድ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ተማሪዎችም “የእኛ ይበልጣል፣ የእናንተ ያንሳል” እያሉ ሲከራከሩ ያመሻሉ (እኛም በቆሎ ተማሪነታችን ከዚህ ክርክር አላመለጥንም)። ድጓውም ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ በዜማው ይለያል። ነገር ግን የዋድላው ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ጎጃም ቢወርድ “የክልልህ ትምህርት እዚህ አይሠራም” የሚለው የለም። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ሐይቅ እስጢፋኖስም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡትን ሁሉ አስተምሮ መልሷል።

የጋራ ፈተናም ነበረ፤ ዛሬም አለ። ድጓን ማስመስከር የሚሻ ቤተልሔም ይወጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻ ዙር አባ፣ ቅዳሴን የሚሻ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ይሄዳል። ልዩነቱ በቀኑ ላይ ነው። ዓመቱን በረኃብ ወይም በጦርነት ያጣ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል፤ እስኪበቃም ይቆያል። ማንም “ቀንህ አልፏል” አይለውም። በርግጥ ያንን ሥርዓት ያለ እንከን አድርገን አናቀርበውም፤ ሴቶች ልጆችን በአብዛኛው ከደጅ ያስቀረ፣ ብዙ ወጣት በረኃብና በእከክ ያለቀበት ነው። ጊዜ መስጠትን ግን ያውቅበት ነበር።

የ2013 ዓ.ም. ፈተና በጦርነቱ ለተጎዱ አካባቢዎች በሁለተኛ ዙር መሰጠቱ ይህን የሚመስል ጅምር ነበር። የቀኑ መራዘም ብቻውን ግን ያልተማሩትን ምዕራፍ አያስተምርም። ከቆቦ ወዲያ ያሉት የትግራይ ልጆችም ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሳያዩ ቆይተዋል፤ የእነርሱም ሸክም ከእኛ ልጆች ሸክም የቀለለ አይደለም።

ውድ ምእመናን፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሐብሩን በመሰለ ወረዳ ልጁ የሚያየው መንገድ ሌላ ነው። በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ የሚያደርሰውን መንገድ ከዚህ አካባቢ የማያውቀው ቤተሰብ ጥቂት ነው። በየአጥቢያው የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አለ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አብዛኛው ተዘግቶ ይውላል። ከምእመናኑ መካከል ደመወዝ የዘገየባቸው፣ ሥራ የፈቱ መምህራን አሉ። የሰበካ ጉባኤያት እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት ከማንም በጀት መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ የአዳራሹ ቁልፍ በእጃቸው ነው።