ስንት ኬ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ሊሠራ የተነሳ ፕሮዲዩሰር ካሜራ አከራይ ጋ ሲደውል መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ኬ ነው?» የሚል ነው። አከራዩም ጥያቄውን ለምዶታል። «6ኬ አለ፣ 8ኬም አለ፤ 8ኬው ግን ዋጋው ይለያል» ይላል። ትንሽ ክርክር ይደረግና 8ኬው ይወሰዳል። የመብራቱ በጀት እዚያው ስልክ ላይ ያልቃል። የድምፅ ባለሙያው «በኋላ እንነጋገራለን» ይባላል። ፊልሙ ሲወጣ ማስታወቂያው ላይ «በ8ኬ ካሜራ የተቀረጸ» ተብሎ ይለጠፋል። ተመልካቹ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ፣ በስልኩ፣ ዳታ እንዳያልቅበት ጥራቱን ወደ 480 አውርዶ ያየዋል።

ጥያቄው ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። መኪና ሊገዛ ሄዶ «ስንት ወንበር አለው?» ብቻ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ይሳቅበታል። ሞተሩስ? ፍሬኑስ? ካሜራ ላይ ሲሆን ግን ይኸው ነገር የሙያ ዕውቀት ሆኖ ይቆጠራል።

«ኬ» ሌላ ምሥጢር የለውም። በምስሉ ወርድ ላይ የተደረደሩት ነጥቦች በሺህ ሲቆጠሩ ነው። 4ኬ ሲባል በአግድም 4 ሺህ ገደማ፣ 8ኬ ሲባል 8 ሺህ ገደማ ማለት ነው። ካሜራው ጥላንና ፀሐይን አብሮ መያዝ ይችል እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። የፊት ቀለም እንዴት እንደሚወጣም አይናገርም። ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ሙሉ እውነት አይደለም። በአብዛኞቹ ሴንሰሮች ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። የቀረውን ቀለም ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ ይሞላዋል። ስለዚህ 4ኬ የተባለ ሴንሰር የእውነት የሚለየው ዝርዝር ከ4ኬ ያንሳል።

ከዚያ ዋጋው አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ የዝናብ ውኃ ለመቀበል ባልዲ የሚደረድር ሰው ይታሰብ። ግቢው ካልሰፋ ብዙ ዕቃ መደርደር የሚችለው ዕቃዎቹን ወደ ኩባያ ካሳነሳቸው ብቻ ነው። ኩባያ ቶሎ ይሞላል፣ ይፈሳል። ሴንሰር ላይ «ፈሰሰ» ማለት ነጩ ነገር ተቃጥሎ ዝርዝሩ ጠፋ ማለት ነው። በጨለማው በኩል ደግሞ ኩባያው ውስጥ የምትጠራቀመው ጠብታ ጥቂት ስለሆነች ምስሉ ላይ ጉርብጥብጥ ያለ ኖይዝ ይመጣል። ምስሉ በኋላ ወደ 4ኬ ወይም 2ኬ ሲወርድ ከዚህ ጉዳት የተወሰነው ይመለሳል፤ ይህን መካድ አይገባም። የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። በዚያ ላይ መስመሩ በበዛ ቁጥር ሴንሰሩን አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ካሜራው ፈጠን ብሎ ሲዞር የመብራት ምሰሶው የሚያጋድለው፣ የሚያልፈው ሚኒባስ ቅርጹ የሚጣመመው ለዚህ ነው። ፋይሉም ይገዝፋል። ፋይሉ ሲገዝፍ ካሜራው ይጨምቀዋል፣ ወይም ፕሮዲዩሰሩ በየሳምንቱ ሃርድ ዲስክ ይገዛል።

በዓለም ሲኒማ ይህ ክርክር አንድ ጊዜ በደንብ ተፈትኗል። ሬድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሬድ ዋንን 4ኬ ብሎ ለገበያ አቀረበ። በ1917 የተመሠረተው የፊልም ካሜራ ሠሪ፣ የሙኒኩ አሪ፣ በ2010 አሌክሳን ይዞ ሲመጣ ቁጥሩ 3ኬ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ወርዱ 2,880 ነጥብ ነው። ወረቀት ላይ አሪ ተሸንፏል። አሪ ግን ያሰበው ስለ ነጥቡ ብዛት ሳይሆን ስለ ነጥቡ ስፋት ነበር። ነጥቦቹን ትልልቅ አደረጋቸው፤ የእያንዳንዱን ብርሃን በሁለት የተለያየ መጠን አጉልቶ አነበበና ሁለቱን አዋሐደ። ውጤቱ 14 ስቶፕ የሚደርስ ዳይናሚክ ሬንጅ ሆነ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። ሮጀር ዲኪንስ በ2012 ስካይፎልን በአሌክሳ ቀረጸ። ማድ ማክስ ፊውሪ ሮድ በናሚቢያ በረሃ፣ በዚያ አሸዋና ፀሐይ መካከል፣ በአሌክሳ ተቀረጸ፤ በ2015 ለዕይታ የቀረበው ፊልም የመጨረሻ ቅጂው የተዘጋጀው በ2ኬ ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ «ይህ ምስል ደብዝዟል» ብሎ ብሩን ያስመለሰ ሰው አልተሰማም። ዲኪንስ በብሌድ ራነር 2049 የመጀመሪያ ኦስካሩን በ2018 ሲወስድ ካሜራው 3.4ኬ ነበር። በዚያው ዘመን ኔትፍሊክስ የራሱ ለሚላቸው ሥራዎች ዋናው ካሜራ የግድ 4ኬ መሆን አለበት ይል ስለነበር ይኸው ካሜራ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውጭ ነበር። ኦስካር ያሸለመ ካሜራ ለሳሎን ቴሌቪዥን አይበቃም ተባለ! ቁጥር ዓይንን ሲተካ የሚደረስበት ቦታ ይህ ነው።

ሬድ መጥፎ ካሜራ ነው የሚል አይኑር። ዴቪድ ፊንቸር ዘ ሶሻል ኔትወርክን በሬድ ዋን ነው የሠራው፤ ምስሉም ለኦስካር ታጭቷል። ብዙ ኬ የሚጠቅምበት ሥራም አለ። ከቀረጻ በኋላ ፍሬሙን አጥብቦ ማስተካከል ለሚፈልግ ዳይሬክተር፣ የሚንቀጠቀጥ ምስል ለሚያረጋጋ ኤዲተር፣ ኢፌክት ለሚጨምር ባለሙያ ትርፉ ነጥብ ሀብት ነው። ጥያቄው፣ ያ ሀብት የተገዛው በምን ተሽጦ ነው?

አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ፊት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ናት፤ የቀትር ፀሐዩዋ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ጥላዋም ድቅድቅ ነው። በዚህ ፀሐይ ጃንሜዳ ላይ ጥምቀትን የሚቀርጽ ባለካሜራ ፊቱ የሚደረደረው ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጥምጥም ነው። ከጥምጥሙ ሥር ጠይም ወይም ጥቁር ፊት አለ፤ ፊቱ ደግሞ በጃንጥላ ጥላ ውስጥ ነው። ለካሜራ ከዚህ የከበደ ፈተና ማምጣት ያስቸግራል። ለነጠላው ቢመጥን ፊቱ ይጨልማል፤ ለፊቱ ቢመጥን የነጠላው ጥለት ጠፍቶ እንደ ወረቀት ይሆናል። ሰርግም ያው ነው፤ ሙሽራዋና ቬሎዋ። እዚህ ቦታ ላይ የሚያድነው ሁለት ተጨማሪ ስቶፕ እንጂ አራት ተጨማሪ ኬ አይደለም።

ብዙ ወጣት ባለካሜራዎች ይህን ችግር ያውቁታል፤ መፍትሔውን ግን ከዩቲዩብ በግማሹ ብቻ ወስደውታል። ሶኒ ኤ7 ሦስትን ይዘው ኤስ ሎግ 3 ላይ ያደርጉታል፤ «ሎግ ሬንጅ ያሰፋል» ተብሏልና። ሎግ ሰፊውን ብርሃን ጠቅጥቆ ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባበት መንገድ ነው፤ ፋይሉ ግን 8 ቢት ነው። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ በኤስ ሎግ 3 ለአንድ ስቶፕ የሚደርሰው 20 ያህል ነው፤ ጨለማው በኩል ከዚያም ያንሳል። 10 ቢት ላይ 80 ያህል ይደርሰው ነበር። እና ኤዲተሩ ቀለሙን ሲጎትት ሰማዩ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ጠይሙ ፊት ግንባሩ ላይ አረንጓዴ፣ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። ያን ጊዜ ጥፋቱ ወደ ካሜራው ይዞራል፤ «8ኬ ቢሆን ኖሮ» ይባላል። በዚያ ካሜራ በተለመደው የቀለም አቀራረጽ፣ ለፊቱ ተመጥኖ ቢቀረጽ የተሻለ ይወጣ ነበር።

ሌላም አለ። ያ ካሜራ በኤስ ሎግ 3 ከ800 አይኤስኦ በታች አይወርድም። ሻተሩ 1/50 ላይ ሆኖ በቀትር ፀሐይ ለመቅረጽ ሌንሱን እስከ ኤፍ 64 መዝጋት ይጠይቃል፤ እንዲህ የሚዘጋ የፎቶ ሌንስ በተራ ሱቅ አይገኝም። በኤፍ 4 ለመቅረጽ ከሚመጣው ብርሃን ከ256 እጅ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። ፊልተር የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ሻተሩን ያፈጥነዋል፤ የእስክስታው ትከሻ በኮምፒውተር ጨዋታ እንደሚታይ ሰው እየተቆራረጠ ይመጣል። እንደ ሶኒ ኤፍኤክስ 6 ያሉ ካሜራዎች ኤንዲው ውስጣቸው አለ፤ ኤፍኤክስ 3 የለውም። በስልክ ግን «ኤንዲ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ወገን አለ። «ካሜራ ምንም አይደለም፣ ዋናው ታሪኩ ነው» የሚለው። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥሩ ካሜራ ካለው ሰው ነው። ማስረጃው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዘ ክሪዬተር የተባለው የ2023 ፊልም 4 ሺህ ዶላር ገደማ በሚያወጣው ኤፍኤክስ 3 መቀረጹ። እውነት ነው፤ ተቀርጿል። የፊልሙ በጀት 80 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ግን አብሮ አይነገርም። ከሁለቱ ሲኒማቶግራፈሮች አንዱ ዱንን የቀረጸው ግሬግ ፍሬዘር እንደሆነም፣ ምስሉ ወደ ውጭ መቅጃ በሮው ይሄድ እንደነበርም፣ ከኋላው አይኤልኤም የተባለው የኢፌክት ድርጅት እንደነበረም አይነገርም። ካሜራውን የመረጡትም ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ትንሽና ቀላል ነው፤ 12,800 አይኤስኦ ላይ ሁለተኛ መሠረት ስላለውም በደካማ ብርሃን ይሠራል። ምን እንደሚያጡ አውቀው፣ ያንን በሌላ ብር ሞልተውት ነው።

በ2012 ዛኩቶ የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው ንጽጽርም እንዲሁ በግማሹ ይጠቀሳል። ከአይፎን እስከ አሌክሳ ያሉ ካሜራዎች ስማቸው ተደብቆ ለባለሙያዎች ታዩ፤ ርካሹ ፓናሶኒክ ጂኤች 2 ብዙዎችን አስገረመ። «አያችሁ፣ ካሜራ ምንም አይደለም!» ተባለ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቡድን መብራቱን ለካሜራው እንደሚስማማ አድርጎ እንዲያስተካክል ተፈቅዶለት ነበር። ጠባብ ሬንጅ ያለው ካሜራ የያዘ ሰው ጥላውን በመብራት ይሞላል፣ መስኮቱን ያደበዝዛል። ርካሽ ካሜራ የሚጠይቀው የበለጠ መብራት ነው። እዚህ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው ርካሽ ሲሆን መብራቱም ይቀራል፣ ካሜራው ውድ ሲሆን ደግሞ መብራቱ ለካሜራው ኪራይ ተብሎ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው ተዋናዩ ነው።

ለፕሮዲዩሰሩ የሚያስፈልገው ፈተና አንድ ሰዓት አይፈጅም። ውል ከመፈረሙ በፊት፣ በቀትር፣ ጠይም ሰው ነጭ ነጠላ ለብሶ ጃንጥላ ሥር ይቁም፤ አሥር ሰከንድ ይቀረጽ። ካሜራው በብረት አጥር ላይ ፈጠን ብሎ ይዙር። ማታ በአንድ አምፖል ይደገም። ካርዱ ፊልሙን ወደሚያርመው ኤዲተር ይሂድና ነጠላው ላይ ጥለቱ አለ ወይ፣ ፊቱ ላይ ቀለሙ አለ ወይ፣ አጥሩ ቆሟል ወይ ብሎ ይመልከት። ሁለት ካሜራ ከሆነ ሁለቱም እንዲሁ ይሞከሩ፤ ኤዲተሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነገረው። የዋጋ ልዩነቱ መብራትና የድምፅ ባለሙያ ይቀጠርበት። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ አከራይ ካጋጠመ ስልኩ ተዘግቶ ለሌላው ይደወል።