ፊቱ የደበቀውን ሳክስፎኑ ሲያወጣ

በብዙ ፊልሞቻችን ተዋናይዋ ሳታነባ ኪቦርዱ ቀድሞ ያለቅሳል። ሰውየው በሩን ሳይከፍት ከበሮው አደጋ መምጣቱን ያሳብቃል። ምስሉ ያለውን ሙዚቃው መልሶ ከነገረን ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ነው። ሙዚቃ የፊልምን ድባብ የሚሠራው ምስሉ ያላለውን ሲናገር፣ ሲያሻውም ከምስሉ ጋር ሲጣላ ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ ምስክር የምጠራው የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ የተሸለመውን። ቢል መሬይ የሚጫወተው ዶን ጆንስተን በወጣትነቱ ሴት አውል የነበረ፣ አሁን ሶፋ ላይ የሚውል፣ ደስታም ሐዘንም ፊቱ ላይ የማይነበብ ሰው ነው። አንድ ቀን የ19 ዓመት ወንድ ልጅ እንዳለው የሚገልጽ፣ ላኪው ያልታወቀ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ዊንስተን የቀድሞ ፍቅረኞቹን እየዞረ እንዲጠይቅ ጉዞውን ያቅድለታል። ለመንገዱም ሲዲ ያስይዘዋል፤ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ።

ዶን መኪና የሚነዳበትን ትዕይንት ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። አስፋልት፣ ዛፍ፣ የተሰላቸ ጎልማሳ፤ ሌላ ምንም የለም። ድምፁን ስትመልሱ ባሱ አንዲት ሐረግ እየደጋገመ ይራመዳል፣ ሳክስፎኑም የሆነ ነገር እንደሸተተው ሁሉ ይከተለዋል። የሰውየው ፊት ያው ነው፤ ፊልሙ ግን የምርመራ ታሪክ ሆኖ ያርፋል። ቀልዱም ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ ሙዚቃው ፍለጋ ላይ ነው፣ ፈላጊው ግን ባያገኝ ይመርጣል። ድምፁ ከመኪናው ማጫወቻ ስለሚወጣ ደግሞ የዊንስተን ጉትጎታ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚጓዝ ያህል ነው።

ይህ ሙዚቃ ለፊልሙ አልተደረሰም። በቦስተኑ በርክሊ የተማሩት ሙላቱ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝና ከላቲን ስልት ጋር አዋሕደው የሠሩት ፊልሙ ከመታሰቡ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት ነው። ሙዚቃው የፊልሙን ታሪክ ስለማያውቅ አያጎበድድለትም። አንድ ምዕራባዊ ተመልካች የሚሰማው ምስጢር ይሆናል። በትዝታ ቅኝት ያደገ ጆሮ ግን የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ሲጀምር የሚሰማው የናፍቆት ሸክም ነው። ዶን ያላመነውን ጸጸት እኛ ቀድመን እናውቅበታለን። ስለዚህ ድባብ የሚባለው ነገር ግማሹ ፊልሙ ውስጥ፣ ግማሹ ተመልካቹ ጆሮ ውስጥ ነው።

የሂችኮክን «ሳይኮ» የሚጠቅስ ተከራካሪ ይኖራል። በ1960 እ.ኤ.አ. በርናርድ ኸርማን በክር መሣሪያዎች ብቻ ባቀናበረው ሙዚቃ በመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ላይ ቫዮሊኑ ከቢላዋው ጋር አብሮ ይወጋል፤ ሂችኮክ መጀመሪያ ያንን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው። እውነት ነው፣ እዚያ ምስልና ድምፅ ተስማምተዋል። ለእኔ ግን የኸርማን ትልቁ ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ማሪዮን ገንዘብ ሰርቃ በመኪና ስትሸሽ። ማያው ላይ ያለችው መሪ የጨበጠች ሴት ብቻ ናት። ገና ማንም ላይ ቢላዋ አልተመዘዘም፤ ፍርሃቱን ያመጡት ክሮቹ ናቸው።

እኛ ጋ ሙዚቃው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የምስል ቅንብሩ አልቆ በጀቱ ከተሟጠጠ በኋላ ነው። ያኔ አረንጓዴ ኮረብታ በታየ ቁጥር ዋሽንት ይገባል፣ አዝማሪ ቤት በታየ ቁጥር ማሲንቆ። ያንኑ ዋሽንት ኪራይ ያልከፈለ ወጣት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጣ ብናሰማውስ? ተዋናዩ ምንም ሳይናገር ከየት እንደመጣ እናውቅ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ሙዚቀኛው ስክሪፕቱን ከቀረጻው በፊት ማንበብ አለበት።