የላስታን ሌሊት ማን ያጥናው?

በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉ የላስታ ደብሮች ሌሊት የእረፍት ጊዜ ብቻ አይደለም። በዓል ሲሆን ሊቃውንቱ በማሕሌት ያነጋሉ፤ ሰዓታት የሚቆመው በውድቅት ነው፣ ኪዳን የሚደርሰው ጎህ ሲቀድ። የአብነት ተማሪው የቃል ትምህርቱን የሚቀበለው መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ነው። እህል ሲያሸት ገበሬው ጃርት እንዳይገባበት ማሳው ዳር ያድራል። በልደት ዋዜማ ደግሞ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ምእመን ሜዳውን ሞልቶ ያድርና፣ ሲነጋ ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ሊሰማ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከማሜ ጋራ ግርጌ ይቆማል። እንቅልፍንና የሰውነትን የውስጥ ሰዓት የሚያጠናው ሳይንስ ስለዚህ ኑሮ ብዙ ሊያስረዳን፣ ከዚህ ኑሮም ብዙ ሊማር ይችላል። ለዚህ ግን ጥያቄውን የሚያነሡ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ኢትዮጵያ የእንቅልፍ ተመራማሪዎችን በገዛ አገሯ ማሰልጠን አለባት፤ የመስክ ትምህርታቸውም እንደ ላስታ ባለ ደጋ፣ በሚያጠኑት ሕዝብ መካከል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ጠያቂው ማን እንደሆነ መልሱን ስለሚወስነው ነው። ቀን ቀን የሚጫጫንን እንቅልፍ ለመለካት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀው የኤፕዎርዝ መለኪያ ነው። ስምንት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ተቀምጠው ሲያነቡ፣ ለአንድ ሰዓት በመኪና ተሳፍረው ሲጓዙ፣ መኪናው በትራፊክ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆም ያንቀላፋሉ ወይ እያለ ይጠይቃል። የላስታ ገበሬ ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ የለውም። ዜሮ ቢመዘገብለት ንቁ ሰው ነው ማለት አይቻልም፤ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፎ ማንጎላጀቱን፣ ከብት ሲጠብቅ ድንጋይ ላይ ሸለብ ማድረጉን የጠየቀው የለምና። ሰዓታችን ከንጋት የሚቆጠር መሆኑም አለ፤ ማታ በሦስት ሰዓት ተኛሁ ያለውን ሰው መልስ መዝጋቢው ሳያስተውል በፈረንጅ አቆጣጠር ቢያሰፍረው ስህተቱ ስድስት ሰዓት ነው። በአንጻሩ የረመዳን ጾም በእንቅልፍ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ዛሬ ሰፊ የጥናት መስክ ሆኗል። ለዚህ ያበቃው ረመዳን የኑሯቸው አካል የሆነላቸው የሞሮኮና የሳዑዲ ዓረቢያ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በገዛ አገራቸው ላቦራቶሪ ይዘው መነሣታቸው ነው። የምግብ ሰዓት ሲለወጥ የጉበት የውስጥ ሰዓት አብሮ እንደሚዛወር በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀመስ የሚዋልበት፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ሁዳዴያችን ታዲያ ለዚሁ ጥያቄ ከረመዳን ያነሰ የሚናገረው አለው?

ላስታ ለተማሪ የምትሰጠው ነገር ብዙ ነው። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀኖቿ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በስቶክሆልም ልዩነቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይደርሳል። እዚያ ክረምት የሰውን እንቅልፍ ሲያዛባ ብርሃኑ ይሁን ብርዱ ወይስ የሥራው ጠባይ መለየት ያስቸግራል፤ እዚህ ብርሃኑ እምብዛም ሳይለወጥ ብርዱ፣ ጾሙና የእርሻው ሥራ ይፈራረቃሉ። ከፍታውን እንውሰድ። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ለከፍታ አዲስ የሆነ ሰው ሌሊት ትንፋሹ እየተቆራረጠ እንቅልፉ ይታወካል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች ሰዎች የደም ሄሞግሎቢንና ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ጸጋ በእንቅልፍ ጊዜም ይጸናል ወይ ብሎ መጠየቅ ለአንድ የወልድያ ወይም የጎንደር ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ ግን የአብነት ትምህርቱ ነው። እንቅልፍ ትውስታን እንደሚያጸና ከሚጠቀሱት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት አስጠንተው ያገኙት ውጤት ነው። በላስታ ዳዊት በቃሉ የሚወጣ፣ ዜማ በጆሮው የሚቀበል ልጅ ሌሊት ሰምቶ፣ ጥቂት ተኝቶ፣ ማለዳ ለየኔታ ያስረክባል። የዚህን ሥርዓት ፋይዳ ከውጭ የመጣ ሰው በሁለት ሳምንት ቆይታ አይደርስበትም፤ በሥርዓቱ ያለፈ ወይም በቅርብ የሚያውቀው ይደርስበታል።

በአገራችን ጅምር የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰብለወንጌል ለማና ባልደረቦቿ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥራት የጎደለው መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በነርሶች፣ በነፍሰ ጡሮችና በስኳር ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ ጥናቶች በብዛት ወጥተዋል። አብዛኞቹ ግን በመጠይቅ ጀምረው በመጠይቅ ያበቃሉ፤ ስንቱ እንደማይተኛ ይነግሩናል እንጂ ለምን እንደማይተኛ አይነግሩንም። እንቅስቃሴንና ብርሃንን እየመዘገበ እንደ እጅ ሰዓት የሚታሰረውን መሣሪያ መጠቀም፣ ውሂቡን ማንበብ፣ አንድን ቤተሰብ ለወራት መከታተል ሥልጠና ይጠይቃል። ይህን ሥልጠና መስጠት እንደሚቻል የአእምሮ ሕክምና ታሪካችን ይመሰክራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሰልጠን ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ከደርዘን አይበልጡም ነበር። ቶሮንቶዎቹ ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪው ግን ከአገሩ ሕሙማን አልተለየም። ተመራቂዎቹ በብዛት እዚሁ ቀሩ፣ ሌሎችንም አስተማሩ። ምርምሩም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቡታጅራ የገጠር ቤተሰቦችን በተከታታይ በመከታተል ላይ ቆሞ ነው ያደገው። ሠልጥነው ይሰደዳሉ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሰሜን ወሎ ከእንቅልፍ የሚቀድም ብዙ ጉዳይ አለበት የሚለው ነው። እውነት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ተፈራርቃለች፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ነገር ግን ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ የሚሸከመው ሕመም ዋና መገለጫው ሌሊት ነው፤ መባነን፣ ቅዠት፣ ዓይን ሳይከደን ማደር። ይህን በመድኃኒት ብቻ መመለስ አይቻልም። እንቅልፍ ማጣትን ያለ መድኃኒት የሚያክም የተመሰከረለት የንግግር ሕክምና አለ፤ የአልጋ ሰዓትን በመወሰንና ሐሳብን በማረቅ ይሠራል። በዳስ የሚያድር ተፈናቃይ ግን የራሴ የሚለው አልጋም ሰዓትም የለውም። ሕክምናውን ለእሱ ኑሮ የሚያስማማ ባለሙያ ካላሰለጠንን ከሌላ ቦታ አይመጣልንም።

ቤተ ክርስቲያንም ጸሎታችንን በሽታ ልትሉት ነው ወይ ብትል ሥጋቷ ተገቢ ነው። ማሕሌትን ጉድለት ብሎ የሚጀምር ጥናት ገና ከመነሻው ይሳሳታል፤ ሊቃውንቱ ጥያቄውን በመቅረጽ ረገድ ተሳታፊ እንጂ ናሙና ብቻ መሆን የለባቸውም።

የጸጥታው ጉዳይ ግን በክርክር የሚታለፍ አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ውስጥ ተማሪን ወደ መንደር መላክ፣ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያም በገበሬ እጅ ማሰር ሁለቱንም ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ የመስኩ ሥራ ሰላም እስኪገኝ ይጠብቅና የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በጎንደርና በደሴ ሆስፒታሎች በሌሊት ተረኛ ነርሶች ላይ ይለማመዱ፤ ከዚያው ጎን ለጎን ለደጋው ሰው የሚሆን የአማርኛ መጠይቅ ያዘጋጁ። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የውስጥ ደዌ፣ የሥነ ልቦና፣ የባዮሎጂና የኅብረተሰብ ጤና ክፍሎች አንድ የጋራ የማስተርስ ትምህርት ለመክፈት መስማማታቸውን፣ ከገበሬውና ከየኔታ ጋር ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ ጥቂት ወጣቶችን፣ ለእነሱም የሁለት ዓመት ደመወዝ የሚመድብ ዩኒቨርሲቲን ነው።