አርባ ቀን ያለ ዓሣ

ባለፈው ዓመት ልጃችን ስምንት ዓመት ሲሞላት ለልደቷ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሣዎችና ሃያ ሊትር የሚይዝ መስታወት ገዛንላት። ጠዋት ገዛን፣ ከሰዓት ከቧንቧ ቀድተን ሞላን፣ ማታ ዓሣዎቹን ለቀቅናቸው። የሸጠልን ሰው «በቀን ሁለቴ ቆንጠር አድርጋችሁ አብሏቸው» ከማለት በቀር የነገረን ነገር የለም። እኛም አልጠየቅንም። በአራተኛው ቀን አንደኛው ውሃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። በስድስተኛው ቀን ሁለቱም ሞተው አገኘናቸው።

ልጄ ያለቀሰችው ለዓሣዎቹ ብቻ መስሎኝ ነበር። ማታ ላስተኛት ስገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «እማዬ፣ ምግብ ስላበዛሁባቸው ነው አይደል የሞቱት?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ምን እንደገደላቸው አላውቅም ነበር።

አሁን አውቃለሁ። የገደላቸው የውሃው አዲስነት ነው። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ አዲስ ውሃ ንጹሕ ውሃ አይደለም እንዴ? ንጹሕ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ዓሣ ሲተነፍስ፣ ሲጸዳዳ፣ ሳይበላው የቀረ ምግብም ታች ወርዶ ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያ የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል። ወንዝና ባሕር ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ ይበተናል፣ የሚበሉት ባክቴሪያዎችም ድንጋዩ ላይ፣ አሸዋው ላይ ሞልተዋል። አዲስ መስታወት ውስጥ ግን መሄጃም የለው፣ በይም የለው።

ባክቴሪያዎቹ ሁለት ቡድን ናቸው። የመጀመሪያው ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ሁለተኛው ቡድን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትሬት መጠኑ እስካልበዛ ድረስ ዓሣው ይችለዋል፣ በየጊዜው ጥቂት ውሃ በመቀየርም ይቀነሳል። ይህን የሁለት ደረጃ ሥራ ለይቶ ያሳየው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ። እሱ ይመራመር የነበረው ስለ አፈር ነው፤ ሳሎን ያስቀመጥነው መስታወትም የሚሠራው በዚያው ሕግ ነው። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ዘገምተኛ መሆናቸው ነው። ወተት የሚያበላሹት ዓይነቶች በደቂቃዎች ሲራቡ፣ እነዚህ እጥፍ ለመሆን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ሊጥ አቡክቶ ያለ እርሾ በዚያው ቀን እንጀራ ለመጋገር መሞከር ማለት ነው እኛ ያደረግነው።

ሁለተኛውን ሙከራ ስናስብ ነገሩን ባሰ አከበድነው። ልጃችን በፊልም ያየችውን ብርቱካናማና ነጭ ዓሣ ፈለገች። እሱ ደግሞ የባሕር ዓሣ ነው። የሱ ዘመድ የሆነ ባለ ሁለት ነጭ መቀነት ዓሣ እዚሁ ቅርባችን ቀይ ባሕር ውስጥ ይኖራል፤ እኛ ግን ያለነው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ባለቤቴ «ባሕሩን እናመጣዋለን» አለ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ዓሣው የሚመጣው ውሃው ዝግጁ ነኝ ሲል እንጂ ልደት ደረሰ፣ ገና ደረሰ ተብሎ አይደለም። ልጄም እጇን አውጥታ ተስማማች።

ጨውን በተመለከተ አማቴ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። ጨው ከዱባይ ማስመጣታችንን ሲሰሙ «የአፍዴራ ጨው ሞልቶ? ድሮ አሞሌ ይዘን ገበያ የወጣን ሰዎች ጨው ከውጭ እናስመጣ?» አሉ። ሳቅን፣ ግን መልስ ያስፈልገዋል። ወጥ ቤት ያለው ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፣ አዮዲንም ይጨመርበታል። የባሕር ውሃ ግን ከዚያ ሌላ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌት፣ እንዲሁም የውሃውን ፒኤች የሚጠብቁ ካርቦኔቶች አሉት። ዓሣው የለመደው ያንን ድብልቅ ነው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ግድ ነው። በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ይገባል። የእኛ መስታወት 120 ሊትር ይላል፤ ድንጋዩና አሸዋው የሚይዙት ሲቀነስ መቶ ሊትር ውሃ ስለሚቀረው ሦስት ኪሎ ተኩል ጨው ፈጀ። ይህ መጀመሪያው ነው። በየሳምንቱ አሥር ሊትር ውሃ ከቀየራችሁ በዓመት ወደ 18 ኪሎ ጨው ትፈልጋላችሁ። ዘመድ በመጣ ቁጥር ሻንጣው ውስጥ ጨው አስይዙ ማለት ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡት።

መቀመጫውንም አስቡት። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ድንጋዩ ሲጨመርበት ሁለት ጎልማሳ ሰው ቡፌያችሁ ላይ ወጥቶ እንደ መቀመጥ ነው። እኛ ብየዳ ቤት ሄደን የብረት ማቆሚያ አሠራን።

ከዚያ ውሃ። በዚህ በኩል ያለው ሰፈር ውሃ ከገፈርሳ ይመጣል ይባላል፣ በእኛ ቤት ደግሞ ከቧንቧው ይልቅ ከሮቶ ነው የምንቀዳው፤ ፈረቃው ይታወቃል። የትም ይምጣ የት፣ የከተማ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን የሚገባው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ እኛ ደግሞ ባክቴሪያ ልናረባ ነው የተነሣነው! ስለዚህ ውሃውን በትልቅ ባልዲ ቀድተን፣ የአየር ፓምፕ ከተን አንድ ቀን ሙሉ አሳደርነው፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታም ጨመርንበት። ጨው የምንጨምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጨውን አስቀድሞ መስታወቱ ውስጥ አፍስሶ ውሃ ማንቆርቆር ድብልቁን ያበላሸዋል። እየዞረ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በጨው መለኪያ 1.025 ሲል ወደ መስታወቱ ገባ።

ድንጋዩ የባክቴሪያው መኖሪያ ቤት ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ቢሆን ይመረጣል። አንዳንዶች ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ ይመክራሉ፤ ባክቴሪያውን ይዞ ስለሚመጣ ያፋጥናል። እኔ ግን በሻንጣ እንዲመጣ አልፈለግሁም። ኮራልና ኮራል የያዘ ድንጋይ ከአገር አገር ሲዘዋወር ፈቃድ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ደረቅ ድንጋይ ይዘገያል እንጂ ያደርሳል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ያልበሰለ ሽሪምፕ በመረብ አስረን ውሃው ውስጥ ከተትን። ሽሪምፑ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ ያ ደግሞ የባክቴሪያው ምግብ ነው። ከታች ቤት ያሉት እማማ ሊጠይቁን ሲመጡ መብራቱ የጠፋ መስታወት ውስጥ አንድ የሚበሰብስ ነገር ተንጠልጥሎ አዩና «ዓሣው ይኸው ነው?» አሉ። ድሮ ሰዎች አሞኒያውን የሚያስጀምሩት ጠንካራ ነው የሚባል ዓሣ አስገብተው ነበር። ከተረፈ ተረፈ፣ ካልተረፈም ሌላ ይገዛል። ልጄን አንድ ጊዜ በዚያ አሳልፌያታለሁ፤ አልደግመውም።

ልጄ በደብተር ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሠርታ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። በየሦስት ቀኑ በጠብታ መለኪያ እንለካለን፦ ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፣ ወደ አረንጓዴ በሄደ ቁጥር በዝቷል ማለት ነው። በስድስተኛው ቀን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መጣ። በአሥረኛው ቀን አረንጓዴው ሲደምቅ ሽሪምፑን አወጣነው፤ ሽታውን አልነግራችሁም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ናይትራይት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ገብተዋል ማለት ነው። በሃያ አራተኛው ቀን አሞኒያው ወደ ዜሮ ወረደ፣ ናይትራይቱ ግን ከመለኪያው በላይ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሞኒያ ዜሮ ስላለ ተጠናቋል ብሎ ዓሣ ያስገባል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ናይትራይት ከጣፋጭ ውሃው ያነሰ ጉዳት እንዳለው እውነት ነው፤ ግን መኖሩ ሁለተኛው ቡድን ገና እንዳልደረሰ ይናገራል። ለአሞኒያ ደግሞ የባሕር ውሃ ይባስ አደገኛ ነው፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ ስለሆነ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማው ክፍል ይጨምራል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያስቻለ ቁጥር እዚህ ላያስችል ይችላል።

ከፍታችን የሚያመጣውን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር፤ አንብቤ ነው የደረስኩበት። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ከጣፋጭ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፣ ሲሞቅም ይቀንሳል። ሲደማመር 26 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ዳርቻው ላይ በሊትር ስድስት ሚሊ ግራም ተኩል ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እኛ ቤት አምስት ያህል ነው። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ኦክስጅን ወዳዶች ናቸው፤ አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለማድረስ አራት ግራም ተኩል ያህል ይፈልጋሉ። በመመሪያው ላይ «በቂ ነው» የተባለ ፓምፕ እዚህ ላይበቃ ይችላል። እኛ የፓምፑን አፍ ወደ ውሃው ገጽ አዙረን እንዲያናውጠው አደረግን፣ የአየር ፓምፕም ጨመርን፣ ክዳኑን ከፈት አደረግነው። ክዳን ሲከፈት ውሃው ይተናል፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ ነው። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው ስላልሆነ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በየሳምንቱ ጨው እየጨመረ ሳያውቀው ባሕሩን ያከረዋል።

በሠላሳ አንደኛው ቀን መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አልመጣም። ፓምፑ ሲቆም ማጣሪያው ውስጥ የታፈነው ውሃ ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ያልቅበታል፣ አንድ ወር ያሳደግናቸው ባክቴሪያዎችም እዚያው ይሞታሉ። ባለቤቴ ማጣሪያውን ከፍቶ ስፖንጁን አወጣና መስታወቱ ውስጥ ከተተው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝተን ስለነበር እሱን አበራን። ብርዱ ሲመጣ ልጄ የአባቷን ጋቢ አምጥታ መስታወቱን ዙሪያውን አለበሰችው፤ አናቱን ክፍት ትታ። መብራት እንደመጣ ብንለካ ትንሽ አሞኒያ ተመልሶ ነበር። ልጄ ሠንጠረዡ ላይ ቁጥሩን ጻፈችና ምንም ሳትናገር ወጣች። ገና ደግሞ በዚያው ሳምንት ነበር። ገናን ዓሣ በሌለበት መስታወት ፊት ዶሮ በላን።

በዚያው ሰሞን ድንጋዩን ቡናማ ነገር ሸፈነው። ተበላሸ ብላችሁ አትፈቅፍቁት፤ አዲስ አኳሪየም ላይ የሚመጣ ጥቃቅን አልጌ ነው፣ በራሱ ይሄዳል።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ ነው፦ በሊትር ሁለት ሚሊ ግራም እስኪሆን አሞኒያ ጨመርንና አንድ ቀን ጠበቅን። በአርባኛው ቀን ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ ለካን። አሞኒያ ቢጫ። ናይትራይት ዜሮ። ናይትሬቱ ከፍ ብሎ ስለነበር ግማሹን ውሃ ቀይረን አወረድነው።

የድሮ ጥያቄዋን ያኔ ነው የመለስኩላት። ምግብ ማብዛት አሞኒያ ያበዛል፤ ዋሽቼ «አያበዛም» አላልኳትም። ግን እነዚያን ሁለት ዓሣዎች አንዲት ፍርፋሪ ባትጨምርላቸውም ያ ውሃ ያስቸግራቸው ነበር። በገዛንበት ቀን ባዶ ውሃ ውስጥ የለቀቅናቸው እኔና አባቷ ነን። ትንሽ አሰበችና «እናንተም አታውቁም ነበራ» አለችኝ።

አሁን የምናስገባው አንድ ትንሽ ዓሣ ብቻ ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው ባለው ምግብ ልክ ስለሆነ፣ ሁለተኛው የሚጨመረው ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እየተለካ ነው። ጣፋጭ ውሃ ለምትጀምሩም ሥርዓቱ ያው ነው፤ እንዲያውም ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጎረቤት ካላችሁ ያገለገለ ስፖንጁን ቆርጦ ቢሰጣችሁ እንደ እርሾ ሆኖ ያፋጥንላችኋል። ሻጩ ዓሣው ቅዳሜ ይደርሳል ብሎናል። ከከረጢቱ አውጥቶ ውሃውን እንዴት እንደሚያለማምዱት በሚቀጥለው ወር እጽፋለሁ። ፍሪጁ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ሞልቷል፤ ልጄ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ለጥፋ በትልቁ «ምግብ፦ በቀን አንዴ፣ ትንሽ» ብላ ጽፋለች።