«እጅህም እግርህም ደህና ነው» ሲሉህ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ነው። የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ሂርና መንገድ ላይ ስንገለበጥ ሾፌሩ አጠገቤ ሞተ፤ እኔን የነካኝ ጭረት ብቻ ነው። ሁለት ወር አለፈው። ሌሊት በቅዠት እየባነንኩ፣ መኪና ላይ መውጣት አቃተኝ። ባለመኪናው «እጅህም እግርህም ደህና ነው፤ የምን ካሣ?» አለኝ። እውነት መብት የለኝም?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንኳን በሕይወት ተረፍክ! ያንተ ነገር ፈሪነት አይደለም፤ ሐኪሞች የሚያውቁት ሕመም ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ከሥራ ጋር በተያያዙ በሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል።

የእኛስ ሕግ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ የሚጠራቸው መንስኤዎች ፊዚካል፣ ኬሚካልና ባዮሎጂካል ናቸው። ስለዚህ ቀስ በቀስ በሥራ ጫና ለሚመጣ ጭንቀት ካሣ ማግኘት ከባድ ነው። ያንተ ግን ይለያል። አዋጁ የሥራ አደጋ የሚለው በሥራ ላይ በድንገት አካልን ወይም የአካልን ተግባር የሚጎዳውን ነው። አእምሮን በስሙ ባይጠራም፣ ቀኑ የታወቀ ድንገተኛ አደጋ ስላለህ የምትከራከርበት ነገር አለህ። ጥፋቱ የባለመኪናው ባይሆንም እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም።

ታዲያ ዛሬ ነገ ሳትል ሆስፒታል ሂድ። «እንቅልፍ አጣሁ» ብቻ ብለህ አትመለስ፤ አደጋውን ከነቀኑ ተናገር፣ በማስረጃው ላይም እንዲጻፍልህ ጠይቅ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን አያይዝ። የጽሑፍ ውል የለኝም ብለህ አትሸማቀቅ፤ የቃል ውልም ውል ነው፣ ምስክር ይዘህ ቅረብ።

ጉዳቱ በሥራ የመጣ መሆኑና ለጊዜው መሥራት አለመቻልህ ከተረጋገጠ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈልሃል።

እምቢ ካለህ ፍርድ ቤት አለ፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ዓመት ሳይሞላው ክሰስ፤ ካለፈ በይርጋ ይታገድብሃል።

እስከዚያው ሌሊቱን በጫት አትግፋው፤ የሸሸህን እንቅልፍ ይብስ ያርቀዋል።

እናንተም በዚያ መንገድ የምትውሉ ረዳቶች፣ ከአደጋ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ብትተርፉም በዚያው ሳምንት ሐኪም ይያችሁ። ድንጋጤ ዘግይቶ ሲመጣ ያ ወረቀት ይመሰክርላችኋል።